ጊታሩ እሺ እስኪል

ነገሩ ከመለወጡ በፊት ሁኔታው ይህ ነበር።

በአንድ ሰፊ ቤት ፎቅ ላይ፣ በኮሪደሩ መጨረሻ፣ በሩ የማይቆለፍ አንድ ክፍል አለ። በክፍሉ ውስጥ የተነጠፈ አልጋ፣ ኮት የተደረበበት ወንበር፣ አንድ የድምፅ ማጉያና በገመድ ከእሱ ጋር የተያያዘ፣ ማቆሚያው ላይ የቆመ ጥቁር የኤሌክትሪክ ጊታር ይገኛሉ። የክፍሉ ባለቤት የቤቱ ታላቅ ልጅ ነበር፤ በመኪና አደጋ ከሞተ ሁለት ዓመት አልፎታል። ኮቱን ከወንበሩ ያነሣው የለም። ማጉያውንም ያጠፋው የለም። ቀይ መብራቱ ቀንም ሌሊትም ይበራል፤ ጊታሩም ማንም ሳይነካው ዝቅ ባለ ድምፅ ያጉረመርማል። በኮሪደሩ የሚያልፍ ሰው በሩን ገርበብ ብሎ ካገኘው ድምፁ ከጆሮው ይልቅ ጥርሱ ላይ ይሰማዋል።

እናቱ ጉምጉምታው መልስ ነው ይላሉ። ታላቁ ልጅ በሕይወት ሳለም ቃል የሚያባክን ሰው አልነበረም። የጠየቁት ነገር ከተስማማው ዝም ይላል፤ ካልተስማማው ከንፈሩን ሳይከፍት እምምም ይላል። እናቱ ይህን ጠባዩን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲያነቡት ኖረዋል፤ አሁንም ማንበብ አልተዉም። አንድ ነገር ሲቸግራቸው ወደ ክፍሉ ገብተው ጊታሩን ጭናቸው ላይ ያስተኙና ይጠይቁታል። ካጉረመረመ አይሆንም ነው። ዝም ካለ እሺ ነው።

መጀመሪያ የቤቱ ሰው አዘነላቸው። ከዚያ የጓሮውን ቦታ ልሽጥ ወይ ብለው ጠየቁት፤ አጉረመረመ፤ ሳይሸጡ ቀሩ። ገዢ ነኝ ሲል የነበረው ሰውዬ ወር ሳይሞላው በማጭበርበር ታሰረ። ይህቺን ሴት ገንዘብ ያዥ አድርጌ ልቅጠራት ወይ አሉት፤ ዝም አለ፤ ቀጠሯት፤ እንደሷ ያለ ታማኝ ሠራተኛ አላዩም። ከዚህ በኋላ በዚያ ክፍል የሚቀልድ ሰው ጠፋ። በበሩ ሲያልፉ እግራቸውን የሚያቀሉት የቤት ሠራተኞቹ ብቻ አልነበሩም።

ታናሹ ልጅ ሞተር ጥምጠማ ቤት ውስጥ የምትሠራ ልጅ ማግባት እፈልጋለሁ ባላቸው ቀን እናቱ አልተቆጡም። ፊታቸውንም አላጠቆሩም። ተነሥተው ወደ ፎቅ ወጡና ጠየቁት። ጊታሩ አጉረመረመ። በሌላ ቀን ደገሙት፤ አሁንም አጉረመረመ።

«እኔማ ምን አለኝ፤ ያልወደዳት ወንድምህ ነው» አሉት፤ አዝነውም ይመስሉ ነበር።

ታናሹ ልጅ ከእናቱ ጋር ተከራክሮ ያውቃል። ከሞተ ወንድሙ ጋር እንዴት እንደሚከራከር ግን የሚያውቅ የለም። ያን ዕለት ማታ ራቱን ሳይበላ ቀረ፤ ከላይ የሚመጣውን ጉምጉምታ እያዳመጠ ሕያው ሰው በሙት ሊቀና እንደሚችል ለመጀመሪያ ጊዜ ገባው።

*

ልጅቷን አጎቷ «ሽቦ» ይሏታል። ወላጆቿን በልጅነቷ አጥታ እሳቸው ቤት ስትመጣ ከመክሳቷ የተነሣ በበሩ ስንጥቅ የምታልፍ ትመስል ነበርና የወጣላት ስም ነው። አድጋ ደልደል ብትልም ስሙ ሥራዋ ሆኖ ቀረ። የአጎቷ ቤት የውሃ ፓምፕ፣ የወፍጮና የማራገቢያ ሞተር ይጠመጥማል። ግድግዳው የቫርኒሽ ሽታ ጠጥቷል፤ ወለሉ ላይ የተቃጠለ የመዳብ ሽቦ እንደ ተላጨ ጠጉር ተከምሯል። ሽቦ ከሞተሩ ሥራ ስትፈታ ጥግ ላይ ካለች፣ ከአሮጌ የስፌት መኪና ከሠራቻት ትንሽ መጠምጠሚያ ዘንድ ተቀምጣ ፒክአፕ ትጠመጥማለች።

ፒክአፕ ከጊታር ክሮች ሥር የሚቀመጥ ነገር ነው። ማግኔት አለው፤ በማግኔቱ ዙሪያ ከጠጉር የቀጠነ ሽቦ በሺዎች ዙር ተጠምጥሟል። ክሩ ሲርገበገብ ሽቦው ውስጥ ጥቂት ኤሌክትሪክ ይነሣል፤ ማጉያው ያንን ያሳድገዋል። ነገሩ ይኸው ነው። የከተማው ጊታር ተጫዋቾች ግን ስለ እሱ ሲያወሩ ስለ መድኃኒት የሚያወሩ ይመስላሉ።

ታናሹ ልጅ መጀመሪያ የመጣው በስልኩ የፒክአፕ መግለጫ ይዞ ነበር። የእናቱን የሕንፃ መሣሪያ መደብሮች የሚያስተዳድር፣ እሁድ እሁድ ለራሱ ጊታር የሚጫወት፣ ሸሚዙ የተተኮሰ ልጅ ነው። አጎቷ ገና ሲያዩት «ዘፋኙ» አሉት፤ ዘፍኜ አላውቅም ቢላቸውም ስሙን አልመለሱለትም። መግለጫው ላይ ካሉት ቁጥሮች ትልቁን በጣቱ እያሳየ፣ ይሄኛው አሥራ አራት ኪሎ ኦም ስለሆነ ከስድስቱ ይበልጣል፣ እንደዚህ ያለ ጠምጥሚልኝ አላት።

ሽቦ ቀና ብላ አየችውና ኦም የሚነግረው የሽቦውን ርዝመትና ቅጥነት እንጂ የድምፁን ጉልበት እንዳልሆነ አስረዳችው። ሽቦ ሲቀጥን ቁጥሩ በራሱ ይጨምራል። ማግኔቱ ከምን ተሠራ፣ ስንት ዙር ተጠመጠመ፣ ጥቅሉ ወፍራም ነው ወይስ ረዥም፣ ይህ ሁሉ አብሮ ካልተነበበ አንዱ ቁጥር ብቻውን ይዋሻል።

«ይቺን ቁጥር ብቻ አይቶ የሚገዛ ሰው በጫማ ቁጥር ሚስት እንደሚመርጥ ሰው ነው» አለችው።

ዘፋኙ ትንሽ አሰበ። ከዚያ አንገቱን አጠፍ አድርጎ ከጠረጴዛው ሥር ወደ እግሯ ተመለከተ። «ስንት ነሽ?»

«ሠላሳ ሰባት» አለች ሳታስበው፤ ወዲያው እስከ ጆሮዋ ቀላች። አጎቷ ከሞተሩ ጀርባ ሆነው ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑት።

ከዚያ ወዲህ ዘፋኙ በየሳምንቱ ሰበብ እየፈለገ መጣ። ቁጥሮቹን ማንበብ አስተማረችው። መበየጃውን እንዴት እንደሚይዝ፣ ጥንድ ጥቅል ከሚባለው፣ ጎን ለጎን ሁለት ጥቅል ካለው ፒክአፕ የሚወጡት አራት ሽቦዎች የትኛው ከየትኛው እንደሚጋጠም አሳየችው። በእሷ ሥራ ቀዩና ነጩ ይጋጠማሉ፣ ጥቁሩ ወደ ማጉያው ይሄዳል፣ አረንጓዴው ከጀርባ ይታሰራል። ጣቱን ሲያቃጥል ቀዝቃዛ ውሃ ታመጣለታለች፤ ውሃው ከሞቀ በኋላም እጁን አትለቀውም ነበር።

ስለ ወንድሙ ጊታር የነገራት እጁን እንዲህ እንደያዘችው ነው። ነግሯት ሲጨርስ ትስቃለች ብሎ ጠበቀ። አልሳቀችም። ጊታሩ ስንት ፒክአፕ እንዳለው ጠየቀችው። አንድ። ነጠላ ጥቅል ነው? ነጠላ ነው። እንግዲያስ ነገሩ ይህ ነው አለችው፦ ነጠላ ጥቅል ክሮቹን ብቻ አያዳምጥም፤ በግድግዳ ውስጥ የሚያልፈውን መስመር፣ እንደ ሸምበቆ የረዘመውን የፍሎረሰንት አምፖል፣ ማቀዝቀዣውን ሁሉ ይሰበስባል። ጊታሩ ወደ አንድ በኩል ሲዞር ጉምጉምታው ይብሳል፣ ወደ ሌላው ሲዞር ይጠፋል። እናትህ በየትኛው በኩል እንደሚቀመጡ ነው መልሱን የሚወስነው።

ዘፋኙ በማግስቱ የወንበሩን ቦታ ቀየረ። እናቱ ግን ወንበሩን ትተው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ፤ ጊታሩም እንደ ወትሮው አጉረመረመ። በሳምንቱ ተመልሶ መጣና ጥንድ ጥቅል የሚባለው ለምን ጉምጉምታ እንደሌለው ጠየቃት። ሁለቱ ጥቅሎች፣ አለች፣ አንዱ በቀኝ ሌላው በግራ ይጠመጠማሉ፣ ማግኔታቸውም ይገለበጣል። ከግድግዳ የሚመጣውን አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል፤ እርስ በርስ ይጣፋሉ። የክሩ ድምፅ ግን ይደመራል።

«ስለዚህ ዝም ይላል» አለ።

«ዝም ይላል።»

«የፈለጉትን ነገር ቢጠይቁትም?»

ሽቦ መጠምጠሚያዋን አቆመች። ምን ሊጠይቃት እንደሆነ ገብቷታል። እሱም ጠየቃት፦ በወንድሙ ጊታር ክዳን ሥር የምትገባ ጠባብ ጥንድ ጥቅል እንድትሠራለት። አንድ ቀን በዝምታ፣ ከዚያ ሠርግ።

«እናትህ የሚጠይቁት ልጃቸውን ነው» አለችው። «አፉን ዘግቼ፣ እሺ አለ ብዬ ቤታችሁ ልግባ?»

«አፍ አይደለም፣ ሽቦ ነው። ያልሽው አንቺ ራስሽ ነሽ።»

«ለእኔ ሽቦ ነው። ለእሳቸው አይደለም።»

ዘፋኙ ብድግ አለ። እሱ ለእሷ ሲል ከሙት ጋር ሲታገል እሷ ለማታውቃት ሴት እንደምታዝን፣ ምናልባትም ከልቧ እንዳልፈለገችው ተናገረ። እሷ ደግሞ የፈለጋት ምንም ዓይነት ዋጋ ቢከፈልባት ግድ ሳይሰጠው መሆኑን አየች፤ ይህም አስፈራት። ሲወጣ በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው። ቢወረውረው ይሻላት ነበር።

*

ከዚያ ቀጥሎ ያሉት ሳምንታት ፀጥ አሉ። ሽቦ ሁለት የወፍጮ ሞተር ጠመጠመች፤ አንዱን ከዙር በላይ ሄዳበት መፍታት ግድ ሆነባት፤ እንዲህ ያለ ስሕተት ሠርታ አታውቅም። አጎቷ አይተው እንዳላዩ ሆኑ። ከዚያ የዘፋኙ እናት ሹፌር መጣና እመቤቲቱ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሊያዩሽ ይፈልጋሉ አላት። ለመጨረሻ ጊዜ ሊጠይቁት ነው፣ እሷ ባለችበት።

አጎቷ ይህን ሲሰሙ ፒንሳቸውን አስቀመጡ። «እኔ ለሕያዋን ለማሳየት ስሳሳልሽ ለሙት ልትታዪ ነው የምትሄጂው?» አሏት። ቀልዳቸው ግን ከከንፈራቸው አላለፈም።

ቅዳሜ ዕለት ሽቦ ከአንድ ፓምፕ ሥራ በቀጥታ ሄደች። የመሣሪያ ቦርሳዋን ወደ ቤት ልመልሰው ብላ አስባ ነበር፤ ከዚያ እንደሆንኩት ይዩኝ ብላ በትከሻዋ አንጠልጥላው ገባች። ዘፋኙ ደረጃው ሥር ቆሞ ይጠብቃታል። ከተጣሉ ወዲህ ሲተያዩ የመጀመሪያቸው ነው። ከሳ ብሏል፤ ዓይኖቹ ግን ይስቃሉ። አጠገቧ ሲደርስ በሹክሹክታ «አትፍሪ፣ ዛሬ ዝም ይላል» አላት።

ሽቦ ደረጃው መካከል ላይ ቀጥ አለች። ልትጠይቀው ስትል ከላይ የእናቱ ድምፅ መጣ።

እናቱ ረዥም፣ ቀጭን፣ ሲናገሩ ድምፃቸውን የማያነሡ ሴት ናቸው። እጇን ጨብጠው ቅዝቃዜው ተሰማቸውና በሁለት እጃቸው ያዙት። ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ድምፁ እንደጠፋ፣ እንዲህ ሆኖ እንደማያውቅ፣ በጎ ምልክት ነው ብለው እንዳሰቡ ነገሯት። እየመሩ ወደ ክፍሉ አስገቧት።

ሽቦ የድምፁን ምንጮች አንድ በአንድ መቁጠር ትችል ነበር። ሸምበቆ አምፖሉ፣ አልጋው ራስጌ ያለው ሶኬት፣ ከግድግዳው ጀርባ የሚያልፈው ወፍራም መስመር። ሁሉንም አየቻቸው፣ ሁሉንም አወቀቻቸው፤ እንዲያም ሆኖ የክንዷ ጠጉር ቆመ። ኮቱ ወንበሩ ላይ የተደረበው ባለቤቱ አሁን ከአፍታ በፊት ተነሥቶ የወጣ እስኪመስል ነው። የትከሻው ቅርፅ አልጠፋም።

ከዚያ ዓይኗ ወደ ጊታሩ ሄደ። የፒክአፑ ክዳን ያው የድሮው ክዳን ነው፤ ግን ከሚገባው በጥፍር ያህል ከፍ ብሏል። አንደኛዋ ብሎን አናት ላይ ካቻቢቴ ያንሸራተተው አዲስ ጭረት ያበራል። የጊታሩ የድምፅ ማዞሪያም እስከ መጨረሻው ተዘግቷል፤ ዝምታው ከዚያ የመጣ ነው። ዘፋኙን አየችው። ዓይኑን ሰበረ።

በኋላ እንደተረዳችው ጥንድ ጥቅሉን ከሌላ አገር አስመጥቶ፣ ያን ዕለት ጠዋት እናቱ ለቅሶ ቤት በሄዱበት ቀይሮታል። ሊሞክረው ሲል የመኪናው ጥሩምባ በሩ ላይ ተሰማ፤ ማዞሪያውን ዘግቶ ወጣ።

እናቱ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። ጊታሩን እንደ ሕፃን አቅፈው ጭናቸው ላይ አስተኙት። «ልጄ፣ ልጅቷ መጥታለች» አሉት። «ወንድምህ ይፈልጋታል። ምን ትለኛለህ?» ጣታቸው የተዘጋውን ማዞሪያ አገኘና ከፈቱት።

የወጣው ድምፅ ማጉረምረም አልነበረም። ማጉያው አገሳ። የመስኮቱ መስታወት አብሮት ተንቀጠቀጠ፣ አልጋው ሥር አንድ ብረት መጮኽ ጀመረ። እናቱ ደንግጠው ክሮቹን በመዳፋቸው ሸፈኑ፤ አልቀነሰም። እጃቸው ሲንሸራተት አንዷን ክር ነካት። ክሯ ጮኸች፣ ግን ድምፅዋ ቀጥኖ፣ ውስጡ ባዶ ሆኖ፣ በሰው ቤት ከግድግዳ ማዶ እንደሚሰማ ሬዲዮ ሆኖ መጣ። ጭናቸው ላይ ያለው ጊታር ከሩቅ ይጮኻል፤ ግሳቱ ደግሞ ከቅርብ ነው።

እናቱ ማዞሪያውን ዘጉት። ፊታቸው ላይ ደም የሚባል የለም።

«አላወቅሁትም» አሉ በሹክሹክታ። «ይሄ የሱ አይደለም። ልጄ፣ የት ሆነህ ነው? ማን አራቀህ?»

ሽቦ ግን ገና ግሳቱን ስትሰማ ሁሉን አውቃለች። ጥንድ ጥቅል እንዲህ የሚሆነው አንደኛው ጥቅል ሽቦው ሲገለበጥ ነው፤ መጣፋት የነበረበት ጉምጉምታ ይደመራል፣ መደመር የነበረበት የክር ድምፅ ይጣፋል። ዘፋኙ ሽቦዎቹን ያጋጠመው እሷ ባስተማረችው ቀለም ነው። ቀዩን ከነጩ፣ ልክ እንደ እሷ ሥራ። ከእሷ በቀር የሌላ ሰው ጥንድ ጥቅል በእጁ ነክቶ አያውቅምና እያንዳንዱ ሠሪ የራሱ የቀለም ልማድ እንዳለው አላሰበም። ቀለም ሁሉ የእሷ ቀለም መስሎት ነበር። ይህ ስሕተት የፍቅር መሆኑ ልቧን ሸነቆረው፤ የማታለል መሆኑም ያንኑ ስፍራ ደግሞ ሸነቆረው።

ዘፋኙ እሱም ገብቶታል። በጀርባዋ ቆሞ፣ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ፣ አዛብቼዋለሁ፣ ሁለት ሽቦ ብቻ ነው፣ አስተካክይውና ያልቃል ብሎ ተለማመጣት።

እውነቱን ነው። ሁለት ሽቦ ነው። ብትቀያይራቸው ጊታሩ ፀጥ ይላል፤ ፀጥታው ለእናቱ የልጃቸው መመለስ ይሆናል፣ የእሷም ሠርግ ይሆናል። ደግሞ ከዚያ በኋላ ለሚጠይቁት ሁሉ፣ እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ፣ እሺ እሺ እሺ ይላቸዋል።

እናቱ ጊታሩን ወደ እሷ ዘረጉት። «ባለሙያ ናት ብሎኛል። ልጄ፣ አምጪልኝ» አሏት። «እሺ ባይልሽም ግድ የለም። ብቻ የሱን ድምፅ አምጪልኝ።»

ሽቦ ጊታሩን ተቀበለችና ወደ ዘፋኙ ዞረች። «የት ነው?»

«ምኑ?»

«የድሮው።»

የዘፋኙ እጅ፣ ማንም ያላዘዘው ይመስል፣ ቀስ እያለ ወደ ሸሚዙ ኪስ ሄደ። በመሀረብ የተጠቀለለ፣ ከክብሪት ቀፎ የሚያንስ ነገር አወጣ። እናቱ መሀረቡን አዩ፤ ልጃቸውን አዩ፤ ጊታሩን አዩ። ለመረዳት ያልፈለጉትን ነገር እየተረዱ መሆኑ ፊታቸው ላይ ይነበብ ነበር።

«የወንድምህን አፍ በኪስህ ይዘህ ነው ከእኔ ጋር ምሳ የበላኸው?» አሉት።

እሱም ወለሉ ላይ ቁጭ አለና እንደ ልጅ አለቀሰ። ላገባት ፈልጌ ነው አላለም። ከሁለት ዓመት ወዲህ በዚህ ቤት ውስጥ የሚሰማው ሙቱ ብቻ እንደሆነ፣ እሱ ግን በየቀኑ እየተናገረ መልስ የሚሰጠው እንዳጣ ተናገረ። ይህን ለሽቦም ነግሯት አያውቅም ነበር።

*

ቦርሳዋን ከፍታ መበየጃውን ሶኬት ላይ ሰካች፣ ክሮቹን አላላች፣ ሐሰተኛውን ፒክአፕ ነቀለች። እናቱ አጠገቧ ተቀምጠው ጊታሩን ከአንገቱ ያዙላት፤ ሐኪም ቤት ልጅ እንደሚይዙት። ከእጇ ላይ ዓይናቸውን አላነሡም።

የድሮውን ከመሀረቡ ስታወጣው ምንድን ነው ብለው ጠየቁ። እሷም ነገረቻቸው። ይህ ማግኔት ነው። ይህ መዳብ ነው፣ ከጠጉርዎ ይቀጥናል፣ ስምንት ሺህ ዙር ያህል ይኖረዋል። የኤሌክትሪክ መለኪያዋን፣ ቴስተሯን አገናኝታ ለካችው፤ ሽቦው አልተበጠሰም።

«የሚናገረው የቱ ጋ ነው?»

የሽቦ እጅ ቆመ። ይህን ጥያቄ ከክፍሉ ስትገባ ጀምሮ ስትፈራው ነበር። ዝም ማለት ትችላለች፤ ሥራ ላይ ነች።

«አይናገርም፣ እማማ» አለች። «ያዳምጣል። በግድግዳው የሚያልፈውን፣ በመብራቱ ያለውን፣ በዚህ ክፍል የሚንቀሳቀሰውን ኤሌክትሪክ ሁሉ ያዳምጣል። ማጉረምረሙ ያዳመጠው ነው። ሌላ ነገር አለው ብዬ ብነግርዎ እዋሻለሁ።»

እናቱ ጎንበስ ብለው ጥቅሏን አዩዋት።

«ያዳምጣል ነው ያልሽው?»

«ያዳምጣል።»

«ማንም ሳይነካው?»

«ማንም ሳይነካው።»

«እሱ ይበቃኛል» አሉ። እንባቸው የጊታሩ እንጨት ላይ ጠብ አለ፤ በቀሚሳቸው እጅጌ ጠረጉት፤ እንዳይበላሽ ፈርተው።

ሽቦ ሁለቱን ሽቦዎች በይዳ፣ ብሎኖቹን አጥብቃ ጊታሩን መለሰችላቸው። እናቱ ማዞሪያውን ከፈቱ። ያ ዝቅ ያለ፣ ከንፈሩን ያልከፈተ ድምፅ ተመልሶ ክፍሉን ሞላው። እናቱ ዓይናቸውን ጨፍነው «እሱ ነው» አሉ። ወለሉ ላይ የተቀመጠው ልጅም ቀና አለ፤ የወንድሙን ድምፅ እሱም ናፍቆት እንደነበር ያን ጊዜ ከፊቱ ታየ።

ከዚያ ጠየቁት። እንደ መጀመሪያው፣ በነዚያው ቃላት።

እምምም አለ።

ሽቦ በገዛ እጇ የመለሰችው «አይሆንም» ከእግሯ ሥር በጣውላው በኩል ሲወጣ ተሰማት። ፒንሳዋን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

እናቱ ጊታሩን በእጃቸው ደግፈው ማቆሚያው ላይ አቆሙትና ወደ ማጉያው ጎንበስ አሉ።

«ሰምቼሃለሁ» አሉት፤ እንደ ድሮው በእርጋታ። «አንተ ሕፃን ሆነህም ሙግት ትወድ ነበር። ይሄንን ግን እኔ ልመልስ።»

ቀዩ መብራት ጠፋ። የክፍሉ ዝምታ እንግዳ ነገር ነበር፤ ሦስቱም ጆሯቸው የተደፈነ ያህል ተያዩ። እናቱ ልጃቸውን ከወለሉ እንዲነሣ አዘዙት፤ ሲነሣ አቧራውን ከሱሪው ላይ አራገፉለት፤ ይህን ሲያደርጉለት ስንት ዘመን ሆኗቸዋል። ከዚያ ወደ ሽቦ ዞሩ።

«ከአጎትሽ ጋር ኑ» አሏት። «እኔ ተስማምቻለሁ። አንቺ ግን ይሄንን ሌባ ብታስቢበት ይሻልሻል።»

ከክፍሉ ወጡ። ደረጃውን ሲወርዱ የእግራቸው ድምፅ ቤቱን ሞላው፤ እስከ ዛሬ በጉምጉምታው ተሸፍኖ ያልተሰማ ድምፅ። ዘፋኙ ተከትሏቸው በሩ ጋ ደረሰና ቆመ። ይቅርታ ብሎ ጀምሮ መጨረስ አቃተው። እሷም ሐሰተኛውን ፒክአፕ መዳፉ ላይ አስቀምጣ ጣቶቹን በላዩ ላይ አጠፈችለት።

«ሌላ ጊዜ ስትፈልገኝ ከእኔ አትደብቅ» አለችው። «ዝም ያሰኘኸው ነገር ሁሉ የተስማማህ አይምሰልህ።»

«ትመጫለሽ?»

አየችው። ዓይኑ ቀልቷል፤ ሸሚዙ ኪሱ ጋ ተጨማድዷል። በመጀመሪያ ቀን ያየችው የተተኮሰ ልጅ አይደለም፤ ይሄኛውን ግን ታውቀዋለች።

«እመጣለሁ» አለች።

እሱ ወርዶ ከእናቱ ጋር ሲነጋገር ከታች ይሰማታል። መበየጃው እስኪበርድ ብቻዋን ቀረች። ክፍሉ ፀጥ ብሏል፣ ኮቱ ትከሻውን ይዞ ወንበሩ ላይ አለ። ልትወጣ ስትል አንድ ነገር ያዛት። ማጉያ ድምፅን ያሳድጋል እንጂ አይፈጥርም፤ ሰሚ ስለሌለ ጥቅሉ ውስጥ ያለው ነገር አይቆምም። ይህን ታውቃለች። እንዲያም ሆኖ ቴስተሯን አወጣች፣ ገመዱን ከጊታሩ ነቅላ የቴስተሯን ሁለት ጫፎች በገመዱ ቦታ አስገባች፣ ማንም እንዳይነካው እጇን አነሣች።

ቁጥሩ ትንሽ ተወዛውዞ ረጋ፦ ሁለት ነጥብ አራት ሚሊቮልት። ማጉያው ጠፍቶም ጊታሩ ያዳምጥ ነበር።